በከረሜላ ቆርቆሮ የጠፋው ጥርስ

ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ስኳር ነው የሚላት። ስኳር አለባት ብላችሁ እንዳታዝኑላት፤ እሷን ስኳር አልያዛትም፣ ስኳርን የያዘችው እሷ ናት። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ብርዱ ገብቶ የበዓላቱ ሰሞን በደረሰ ቁጥር፣ ያቺን ታቿ የጠቆረ የመዳብ ድስት ትጥዳለች፤ ስኳሩን ታቀልጣለች፤ ቀይ ሻይ እስኪመስል ታማስላለች፤ የተቆላ ለውዝ እፍኝ እፍኝ እያደረገች ትበትንበታለች፤ ከዚያ እብነ በረዱ ላይ ገልበጥ! ሲበርድ እንደ መስታወት ያበራል። ሲነክሱት «ቀጭ!» ይላል። ሰዉም ቀጭቀጬ ብሎት ቀረ።

ሱቋ ከጫማ ሠሪውና ከፎቶ ቤቱ መሀል የተሰነቀረች ጠባብ ናት። ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ሆዱን ሰብስቦ ነው የሚቆመው፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ሆዱን መሰብሰብ የሚችል ሰው ከየት ይመጣል? የቀረፋው፣ የቅርንፉዱ፣ በስኳር የተቀቀለው የብርቱካን ልጣጭ ሽታ መንገድ ተሻግሮ የመሥሪያ ቤት ሰው ከወንበሩ ያስነሣል። በአንድ በኩል ዘቢብ የጠገበ ኬክ፣ በአንድ በኩል ዱቄት ስኳር የለበሰ ብስኩት፣ ከላይ ማር የወረደበት የዝንጅብል ዳቦ። ዓመቱን ሙሉ «እኔ ጣፋጭ ነገር አይስማማኝም» ሲሉ የከረሙ ሴቶች «ለልጆቹ ነው» እያሉ ሦስት ሦስት ኪሎ ይገዛሉ። ልጆቹ አግብተው ከወጡ አሥር ዓመታቸው ነው።

እንግዲህ በዚያች ሱቅ አንድ ሕግ አለ። የዋዜማው የስጦታ ቆርቆሮ አይቆጠርም እንጂ፣ በበዓላቱ የመጀመሪያ ጠዋት ማንም ሰው ፍርፋሪ እንኳ አይገዛም፤ መጀመሪያ እትዬ ስኳር ከትልቁ የቀጭቀጬ ገበታ ማዕዘኑን ይዛ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ በጥርሷ ትሰብረዋለች። «ቀጭ!» ሲል ድምፁ በር ላይ ለቆመው ሰው መሰማት አለበት። ከተሰማ «ደርሷል!» ትላለች፣ ሰዉ ይጎርፋል። ካልተሰማ ስኳሩ አልደረሰም ማለት ነው፤ ስኳሩ ካልደረሰ ሠሪዋ ደክማለች ማለት ነው፤ ሠሪዋ ከደከመች ደግሞ ማማሰያው ወደ ምራቷ ይተላለፋል። ይህንን ሕግ ያወጡት የእትዬ ስኳር አማት ነበሩ። ራሳቸው ባወጡት ሕግ ራሳቸው ተያዙበት፦ አንድ በዓል ነከሱ፣ ነከሱ፣ «ቀጭ» ቢባል ጠፋ፤ በምትኩ «ውይ!» የሚል ተሰማ። ማማሰያው በዚያው ቀን ወደ ወጣቷ ምራት ወደ እትዬ ስኳር ዞረ።

አሁን ጆሮ ስጡኝ። ያን ጊዜ አማቲቱ ዞር ባሉበት፣ ወጣቷ ምራት ስኳሩን እሳት ላይ ትንሽ አቆይታው ነበር። ትንሽ ብቻ። ሃያ እስኪቆጠር። ድንጋይ አደረገችዋ! ይህንን ለባሏ እንኳ ሳትነግረው እሱም አረፈ። እና ሌባ እናት ልጇን አታምንም አይደል የሚባለው? ልጇ ሚስት ካመጣ ጀምሮ እትዬ ስኳር እሳቱ አጠገብ ምራቷን አታስደርስም። «አንቺ ልጄ፣ እዚያው ባንኮኒው ጋ ሁኚ፤ ጭሱ ፊትሽን ያበላሽብሻል» ትላለች። ለፊቷ አዝና መሰላችሁ?

ምራቲቱ ፊቷ ክብ፣ ሳቋ ቅርብ፣ እጇ ዱቄት የማይለየው ልጅ ናት። የምትወደው ለስላሳ ለስላሳውን ነው፤ ክሬም፣ ቸኮላት፣ በማንኪያ ሲነኩት የሚንቀጠቀጥ ኬክ። «ጥርስ የማያስቸግር ነገር ጥሩ ነው እኮ፣ እማማ» ትላለች ሲቀናት። እትዬ ስኳር ይህንን ስትሰማ ማማሰያዋን ጠበቅ ታደርጋለች። ዛቻ ነዋ የሚመስላት።

የዘንድሮው ብርድ ሲገባ ታዲያ ጉዱ ጀመረ። መንጋጋዎቿ ቀድመው ተሰናብተዋታል፤ የቀሯት የፊቶቹ ነበሩ። እነሱም ዓምና ከቀጭቀጬው ጋር ታግለው ሲወዛወዙ ከረሙ፤ በመጨረሻ ከበዓሉ ሁለት ወር ሲቀረው አንዱ በዳቦ ቅርፊት፣ አንዱ ያለ ምንም ምክንያት፣ የመጨረሻው ደግሞ ስታዛጋ ወጣ። ስታዛጋ! እትዬ ስኳር የአንገት ልብሷን እስከ አፍንጫዋ ጠቀለለች፤ «ብርዱ ጉሮሮዬን ያዘኝ» አለች፤ ሾርባዋን ይዛ መኝታ ቤቷ እየገባች፣ ዳቦውን እያራሰች መብላት ጀመረች። ንግግሯንም ቀነሰች። ቤተሰቡ «ተቀይማለች» አለ። ልጇ ዳቦ ጭኖ የሚያከፋፍል ሾፌር ነው፤ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቃት፣ ምን እንዳጠፋ ግን አያውቅም። እሷም ሦስቱንም ጊዜ ይቅር አለችው።

አንድ ቀን መንገዱን ተሻግራ ወደ ጥርስ ሠሪው ዘንድ ገባች።

ጥርስ ሠሪው ሚስቱ የሞተችበት፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ጋሽ መንጋጋ ይሉታል። መስኮቱ ላይ የጀሶ መንጋጋዎች ደርድሮ መንገደኛውን ያስቅባቸዋል። በሩ ላይ በትልቁ «ስኳር የጥርስ ጠላት ነው» ብሎ ጽፏል፤ ያውም በእትዬ ስኳር ሱቅ ትይዩ! ልጆች በደጁ ሲያልፉ ከረሜላቸውን ካልሲያቸው ውስጥ ይደብቃሉ። ይሁንና በየዓመቱ በበዓል ዋዜማ ከእትዬ ስኳር ሱቅ አንድ ቆርቆሮ ቀጭቀጬ በስጦታ ይላክለታል፤ ነገሩ ቀልድ ነው፣ «ደንበኛ የምናበዛልህ እኛ ነን» ለማለት። እሱም «ለእንግዳ ይሆናል» ብሎ ይቀበላል። እሱ ቤት እንግዳ ሲገባ ያየ ሰው እስካሁን የለም።

«እትዬ፣ ክፈቺው እስቲ» አላት አንገት ልብሷን እያየ።

«በሩን ዝጋ መጀመሪያ።»

ዘጋ። ከፈተች። ጋሽ መንጋጋ አየና አንገቱን ነቀነቀ።

«በረሃ ሆኗል።»

«አንተ! የመጣሁት ልትሰድበኝ ነው?»

እንደ ሊጥ ያለ ነገር አቡክቶ አፏን ሞላው፤ ልክ ሊወስድ። አምስት ደቂቃ ዝም በይ አላት። እትዬ ስኳር ከተወለደች ጀምሮ ለአምስት ደቂቃ ዝም ያለችው ያን ቀን ብቻ ነው። እንደጨረሰ ወዲያው አከታተለችበት፦

«ስሜን የትም እንዳትጽፍ። ለማንም እንዳትናገር። ሲያልቅ ደግሞ በካርቶን እንዳትልክልኝ፤ ምራቴ ዓይኗ ፈጣን ነው። እንካ፣ በኔው በከረሜላው ቆርቆሮ አድርገህ አምጣልኝ። ያየ ሰው ከረሜላ ይምሰለው።»

ቆርቆሮው ክዳኑ ላይ ወፍ የተሳለበት ሰማያዊ ክብ ነው። ጋሽ መንጋጋ ጥርሱን በጥጥ ጠቀለለ፣ እንዳይንኳኳ፤ በላዩ ወርቃማ ወረቀት አለበሰው፤ ቆርቆሮው ውስጥ አስተኛው። ብልሃቷ እንዴት ያለ ብልሃት ነበር መሰላችሁ! አንድ ነገር ብቻ ዘነጋች። በበዓል ዋዜማ ሱቋ ውስጥ ያ ቆርቆሮ አንድ አይደለም፤ አርባ ነው።

በዋዜማው አመሻሽ ላይ ሱቁ እንደ ንብ ቀፎ ይተማል። ምራቲቱ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ ቆርቆሮ ትሞላለች፣ ቀይ ጥብጣብ ታስራለች፣ ትሸጣለች፣ ትስቃለች፣ በመሀል ክሬም ትልሳለች። እትዬ ስኳር ጓዳ ውስጥ ድስቷ ላይ ናት፤ ስኳሩ ልክ በዚያች ደቂቃ ቀይ መሆን ጀምሯል። ያቺን ደቂቃ ቤት ቢቃጠል ዞር አይባልም።

ጋሽ መንጋጋ ገባ። ቆርቆሮውን ከካፖርቱ ውስጥ አወጣ፣ መደርደሪያው ጫፍ ላይ ቁጭ አደረገ፣ በጓዳው በር አንገቱን አስግጎ ጠቀሳት።

«ጫፍ ላይ ነው» አለ በሹክሹክታ።

እትዬ ስኳር ከእንፋሎቱ መሀል ራሷን ነቀነቀች። ልቧ እንደ ልጃገረድ ዘለለ። ጥርስ መጣ! ነገ እነክሳለሁ! ማማሰያዬን እንደያዝኩ እሞታለሁ!

ጋሽ መንጋጋ ሊወጣ ሲል ምራቲቱ አየችው።

«ጋሽዬ! ጋሽዬ! ባዶ እጅዎንማ አይሄዱም! በዓል አይደል እንዴ?»

እጇን ዘረጋች፤ መደርደሪያው ጫፍ ላይ ያለውን ቆርቆሮ አነሣች፤ ቀይ ጥብጣብ እንደ መብረቅ አሰረችበት፤ ደረቱ ላይ ለጠፈችበት።

«ደንበኛ የምናበዛልዎት እኛ ነን!» አለች እየሳቀች።

«ለእንግዳ ይሆናል» አለ እሱም እንደ ልማዱ፣ ቀላ ብሎ። ወጣ። መንገዱን ሲሻገር ቆርቆሮውን በእጁ መዘን አደረገና «ዘንድሮ ኑሮው ከብዷቸዋል መሰለኝ፣ ቀለል ብሏል» አለ ለራሱ። ጨዋ ሰው ደግሞ ስጦታ አይመዝንም ብሎ አፈረ። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ሰው የሠራውን ጥርስ ራሱ ታቅፎ ወደ ቤቱ ገባ።

እትዬ ስኳር ድስቷን ገልብጣ፣ እጇን ጠርጋ ወደ መደርደሪያው መጣች። ጫፉ ባዶ ነው።

ከጫፉ ቀጥሎ ያለውን አነሣች። ከፈተች፤ ቀጭቀጬ። ቀጣዩን ከፈተች፤ ቀጭቀጬ። በሕይወቷ የራሷን ከረሜላ አይታ ስታዝን የዚያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። አምስት፣ ስምንት፣ አሥራ አንድ ቆርቆሮ ፈታች። ድካሙ ሲበዛባት አንዷን ቁራጭ አፏ ውስጥ ጣለችና መምጠጥ ያዘች፤ መቼም ሐዘንም ቢሆን በባዶ አፍ አይሆንም።

«እማማ!» አለች ምራቲቱ ከኋላዋ፤ ወለሉ ላይ የወደቀውን የጥብጣብ ክምር እያየች። «ምን እየፈለጉ ነው?»

«ለውዙ... እኩል መግባቱን... እያየሁ ነው» አለች እትዬ ስኳር በአንገት ልብሷ ውስጥ።

«አሥራ አራቱ እኮ ተሸጠው ወጥተዋል። እነሱንስ በየቤቱ ሄደው ሊያዩ ነው?»

አሥራ አራት! እትዬ ስኳር ወንበር ፈለገች። በዓይነ ልቦናዋ ታያት። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት እንግዶቿን አስቀምጣ፣ «ከቀጭቀጬው ቅመሱ» ብላ፣ ክዳኑን ከፍታ... ጥርስ! ወይ ደግሞ ያቺ ጨጓራ የሚያማት ነርስ። ወይ ደግሞ ሙሽሮቹ! እትዬ ስኳር በአንድ ዓይኗ ልታለቅስ፣ በአንድ ዓይኗ ደግሞ የሙሽራው ፊት ሲታያት ሳቅ ሊያፍናት፣ መሀል ላይ ስቅታ ያዛት። እስክትተኛ ድረስ አልለቀቃትም።

ጠዋት ውርጩ መስኮቱን ነጭ አድርጎታል። ገና ሱቁ ሳይከፈት ሰልፉ ፎቶ ቤቱን አልፏል። በር ላይ የቆመው እንደ ሁልጊዜው ፊሽካ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ሠላሳ ዓመት ፊሽካ ሲነፋ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰውዬ። በየበዓሉ አንደኛ ይሰለፋል፣ ከቤቱ ባዶ ትራስ ጨርቅ ይዞ ይመጣል ቀጭቀጬ ሊሞላበት፣ «ቀጭ!» የሚለውን ሲሰማ ደግሞ ፊሽካውን ይነፋል፤ ያኔ የኋላው ሁሉ ያውቃል። ጆሮው ትንሽ ከብዷል። ስለዚህ ድምፁ ትንሽ ከሆነ ፊሽካ የለም።

ምራቲቱ በሩን ከፈተች። ትልቁ ገበታ እብነ በረዱ ላይ ተዘርግቶ ያበራል። እትዬ ስኳር አንገት ልብሷን እንደጠቀለለች ከኋላው ቆማለች። ባንኮኒውን ይዛለች።

«እትዬ፣ በይ እንጂ!» አለ ፊሽካ። «ትራሴ በረደው!»

«ዛሬ... ጉሮሮዬን...»

«በጉሮሮ ነው እንዴ የሚነከሰው?» አለች አንዲቱ ከኋላ፤ ሰልፉ ሳቀ።

እትዬ ስኳር ምራቷን በዓይኗ ጥግ አየቻት። ምራቲቱም አየቻት። አሁን ነው፤ አሁን ‹እኔ ልንከስ እማማ› ትላለች። ማማሰያው በዚሁ ይሄዳል። እኚያ አማቷ፣ አፈሩ ይቅለላቸውና፣ ከላይ ሆነው «እሰይ!» ሲሉ ሰማቻቸው።

በዚህ መሀል መንገድ ማዶ በር ጓ! ብሎ ተከፈተ።

ጋሽ መንጋጋ ነው። ጠዋት ሻዩን አፍልቶ፣ መጋረጃውን ዘግቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ እንደ በየዓመቱ ሁሉ ከስጦታው ሊቀምስ ቆርቆሮውን ሲከፍት፣ በገዛ እጁ የሠራው ጥርስ ከወርቃማው ወረቀት ውስጥ ሳቀበት። መጀመሪያ «አልወደደችውም፣ መለሰችልኝ» ብሎ ቅር አለው። ሻዩን አንድ ፉት ሲል ግን የምራቲቱ እጅ ወደ መደርደሪያው ጫፍ ሲዘረጋ ትዝ አለው። ያን ጊዜ በነጠላ ጫማ፣ በፒጃማ ላይ ካፖርት ደርቦ፣ ቆርቆሮውን በብብቱ ይዞ ወጣ።

«አሳልፉኝ! አሳልፉኝ!»

«ወረፋ!» አለ ፊሽካ።

«አጣዳፊ ነው!»

«ለሁሉም አጣዳፊ ነው! ወረፋ!» አለ ሰልፉ በአንድ አፍ።

«ቆይ ቆይ» አለች አንዲት ሴትዮ ልብ ብላ፤ «ጋሽ መንጋጋ አይደል እንዴ? የጥርስ ጠላት ወረፋ ላይ ምን ይሠራል?»

ጋሽ መንጋጋ ቆመ። አንገቱን ዘርግቶ በሰዉ ትከሻ ላይ ሲያይ እትዬ ስኳርን አያት፤ አንገት ልብሷ ላይ ዓይኗ ብቻ ነው የቀረው፣ እሱም ልመና ሆኗል። ጥርሷን ነው የያዝኩት ቢል ገደላት። ዝም ቢል አያሳልፉትም። ሰውዬው ዓይኑን ጨፈነና ጮኸ፦

«እወዳለሁ! እኔም ከረሜላ እወዳለሁ! አሥራ ስምንት ዓመት በድብቅ ነው የምበላው! እንግዳ የለኝም! እንግዳው እኔ ነኝ! አሁን ይቺ ቆርቆሮ ባዶ መጣችብኝ፤ ካልለወጡልኝ እዚሁ እወድቃለሁ፣ አሳልፉኝ!»

ከዚያ እንዴት ያለ ሳቅ መሰላችሁ! ሴቶቹ ተደጋገፉ። ጫማ ሠሪው ባርኔጣውን ጣለ። ልጆች ከካልሲያቸው ውስጥ ከረሜላ እያወጡ «ጋሽዬ፣ እንካ!» አሉት። ፊሽካ ራሱ እንባውን በትራስ ጨርቁ እየጠረገ «ይለፍ! የታመመ ሰው ነው፣ ይለፍ!» ብሎ መንገድ ከፈተለት።

ቆርቆሮው ባንኮኒው ላይ ዱብ አለ።

«እትዬ፣ ለውጪልኝ» አለ ጋሽ መንጋጋ እያለከለከ፤ ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

እትዬ ስኳር ቆርቆሮውን አቅፋ ከባንኮኒው በታች ጎንበስ አለች። «ማማሰያዬ ወደቀች» ስትል ተሰማ። ጥቂት ተንኳኳ፣ ትንሽ ተነፋፋች፣ ቀና አለች። አንገት ልብሷን ገፈፈች። ፈገግ አለች። ወይ ጉድ! አርባ ዓመት ወጣች፣ ቀነሰች ማለቴ ነው። ነጭ፣ ደርዝ ያለው፣ የሃያ ዓመት ኮረዳ የምትቀናበት ጥርስ! ሰልፉ «አቤት! ጉሮሮ መታመም እንዲህ ያሳምራል?» አለ።

ማዕዘኑን በሁለት እጇ ያዘች። ወደ አፏ አስጠጋች። ጋሽ መንጋጋ ‹ሁለት ሳምንት ጠንካራ ነገር እንዳትነክሺ› ያላት ትዝ አለውና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ቀጭ!

የመስኮቱ መስታወት የተሰነጠቀ ነው የመሰለው። ፊሽካ ባቡር የሚያስነሣ ያህል ነፋ። ሰልፉ እልል አለ። አሁን የቀረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ደርሷል!» ልትል አፏን... አልተከፈተም።

የላይኛው ከታችኛው ጋር ተጣብቋል። ስኳር አይደል? እትዬ ስኳር በዓይኗ ፈገግ እያለች፣ በውስጧ ትጎትታለች። ከላይ ብትገፋ የታቹ ይነሣል፤ ከታች ብትስብ የላዩ ይወርዳል። «ምም» አለች። ሰዉ ጠበቀ። «ምምም!» አለች እንደገና።

ያኔ ምራቲቱ ወደፊት ወጣች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ሱቁን የሚያናጋ ድምፅ አወጣች፦

«ደርሷል!»

ሰዉ ጎረፈ። የእትዬ ስኳር ልብ ግን ቁልቁል ወረደ። አለቀ፤ ወሰደችው። በሰው ፊት፣ በገዛ አፏ «ደርሷል» አለች! ምራቲቱ ክንዷን ይዛ ጓዳ አስገባቻት፤ በሩን በተረከዟ ዘጋች፤ ለብ ያለ ውሃ በኩባያ ቀድታ ሰጠቻት።

«ይያዙት በአፍዎ። አይዋጡት። ቀስ ብሎ ይለቃል።»

እትዬ ስኳር ውሃውን እንደያዘች ዓይኗ ፈጠጠ። ምን እንደሚለቅ በምን አወቀች? ቀስ እያለ ለቀቀላት። ተፋች።

«አንቺ... ታውቂያለሽ?»

«እማማ፣ ሁለት ወር ሙሉ ዳቦውን በሾርባ ሲያርሱ ዓይን የለኝም? የሰው ጥርስ ጠፍቶ አይቼ ‹የት ሄደ› ልበልዎት? ቆርቆሮውን ግን አላወቅኩም፣ እሱስ ይቅር ይበሉኝ፤ ሌሊቱን ስቅታዎን ስሰማ ‹ምን ነካቸው› ስል ነበር።»

«እና ለምን አልነከስሽም? ለምን ‹ደከመች› አላልሽም? ማማሰያውን...»

«የምን ማማሰያ?» አለች ምራቲቱ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማማ፣ ያቺን ማዕዘን ከሥሯ በቢላ ጫር ያደረግኳት እኔ ነኝ። እንድትቀልልዎት። ዓምናም እኔ ነኝ፤ ዓምና ጥርስዎ ሲወዛወዝ አይቼ።»

እትዬ ስኳር በዱቄት ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። አርባ አንድ ዓመት ያፈነችው ነገር ከተጣበቀው ጥርስ ጋር አብሮ የለቀቀ ይመስል፣ ሳታስበው ወጣባት።

«እኔ የአማቴን ስኳር አጠነከርኩት» አለች። «ሃያ እስኪቆጠር።»

ምራቲቱ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ በጣቶቿ መሀል ሳቋ አፈተለከ።

«እርስዎ! እርስዎ እማማ!»

«አንቺ ደግሞ የኔን አሳሳሽልኝ። ምን ዓይነት ሰው ነሽ? ምን ፈልገሽ ነው?»

«እንቅልፍ ነዋ!» አለች ምራቲቱ። «በዚህ ውርጭ ማን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቶ ስኳር ያማስላል? ክንዴ ላይ እየፈነጠቀ? እርስዎ ማማሰያውን አልለቅም ሲሉ እኮ ደስታዬ ነው፤ እስከ አንድ ሰዓት ተኝቼ፣ ተነሥቼ፣ ክሬሜን መትቼ... እማማ፣ ለጥርስዎ በየቀኑ የምጸልይ ሰው እኔ ነኝ!»

ሁለቱም ሳቁ። ሲስቁ የላይኛው ጥርስ ሊወጣ ሲል እትዬ ስኳር በመዳፏ ደገፈችው፤ እሱን አይተው ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ሳቁ። ጆንያው ላይ ተያይዘው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ እንባቸው ዱቄቱ ላይ እየወረደ።

ሲወጡ ሱቁ አብዷል። ከጥግ እስከ ጥግ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ! ፊሽካ ትራሱን ሞልቶ ሕፃን እንደሚታቀፍ ታቅፎታል። ‹ለልጆቹ ነው› የምትለዋ ሴትዮ የልጆቹን ድርሻ እዚያው ቆማ ጨርሳለች። ጋሽ መንጋጋ በፒጃማው የስኳር ከረጢት ላይ ተቀምጦ፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት ድብቅ በኋላ በአደባባይ ይበላል፤ በአንድ ጉንጩ ዘቢብ ኬክ፣ በአንድ ጉንጩ ቀጭቀጬ፣ ጢሙ ላይ ክሬም።

«ጋሽ መንጋጋ፣ የጥርስ ጠላት ነው አላልክም ወይ?» አለው ጫማ ሠሪው።

«ጠላት ነው» አለ ሳይውጥ። «እየጨረስኩላችሁ ነው!»

እትዬ ስኳር ይህንን ሰምታ በአዲሱ ጥርሷ ሙሉ ሳቀች፤ እሱም ከተቀመጠበት በእጁ የሠራውን ጥርስ አየና መብላቱን አቆመ፣ ዓይኑን ሰበረ። እሱን ሰው አይቶታል፤ ወደፊት የሚመጣውን ደግሞ ሰፈሩ ይጠብቃል፣ ምን ሥራ አለው?

«እንዲያው የሚቀጥለው ዓመት» አለች እትዬ ስኳር ለምራቷ ጆሮ፣ «ማዕዘኑን አንቺ ትነክሺዋለሽ።»

«በገዛ ጥርሴ? ምን አሳበደኝ!» አለች ምራቲቱ ጥብጣብ እየቋጠረች። «እርስዎ ያውሱኛል እንጂ።»

እትዬ ስኳር አሰበችበት። ማማሰያዋን ከምስማሩ አወረደች፤ በሽርጧ ወለወለችው፤ ከዚያ፣ አርባ አንድ ዓመት ሌላ ሰው ያልነካውን ማማሰያ፣ የምራቷ እጅ ውስጥ ቁጭ አደረገችው።

«ጥርሱን አውስሻለሁ» አለች ዓይኗ እየሳቀ። «ይሄንን ግን ነገ አንቺ ትይዢዋለሽ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እቀሰቅስሻለሁ።»

«ወይኔ!» አለች ምራቲቱ፤ «ምነው አፌን ባልከፈትኩ!»

«ማን ክፈቺ አለሽ? የኔን አፍ እዪ፣ ሲጣበቅ ምን ቸገረው» አለቻትና፣ ከገበታው ላይ ትልቁን ቁራጭ መርጣ፣ በሁለቱ ወር ላልቀመሰችው ሁሉ ካሳ እንዲሆን፣ በጎን በኩል ቀጭ አደረገችው።